ደም ማነስ እያለብኝ እንዴት ደም ብዛት ይይዘኛል?

ከደንቢያ የመጡ አንዲት እናት ለካኋቸው፤ 180 በ110። «እማማ፣ ደም ብዛት አለብዎት» ስላቸው ሳቁብኝ። «እኔ እኮ ስወልድ ደም አንሷታል ተብዬ ደም የተሰጠኝ ሴት ነኝ። ከየት አምጥቼ ነው የሚበዛብኝ?» ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ኪኒኑ እንደታሸገ ነው። በምትኩ ያቆሙት ቀይ ሥር መብላት ነበር፤ ደም ይጨምራል ስለሚባል።

ጎንደር ውስጥ የግፊትና የልብ ታካሚዎች ክትትል ክፍል ነርስ ነኝ። እንዲህ ያለው ነገር ስንት ጊዜ እንደገጠመኝ መቁጠር ትቻለሁ። ጥፋቱ የእሳቸው አይደለም፤ የስሙ ነው። ደም ብዛት ማለት የደም መብዛት አይደለም። አንድ አዋቂ ግፊት ኖረበትም አልኖረበትም 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። የሚጨምረው ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣለት የጎንደር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፦ ሌሊት ሲለቀቅ ጎማውን ከባልዲው የሚያስፈነጥረው ኃይል ሌላ፣ በርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ ሌላ። ደም ማነስ ደግሞ የሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ማነስ ነው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ፤ እንዲያውም የተጎዳ ኩላሊት ሁለቱንም ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ዋግምቱንም፣ ከቀይ ሥር ጋር መጣላቱንም ተዉት። መቀነስ ያለበት ጨው ነው፤ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ አብሮ የተፈጨውም ተቆጥሮ።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ተሻለኝ ብዬ ተውኩት።»

ምኑ ነው የተሻለዎት? ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያምም እኮ! ያልታመመ ነገር በምን ይሻላል? 120 በ80 የሆነው ኪኒኑ እየሠራ ስለሆነ ነው፤ ሲቆም ግፊቱ ይመለሳል፣ ያውም ድምፁን አጥፍቶ። ልብ በቀን 100 ሺህ ጊዜ ገደማ ይመታል። ደሙን ወደ መላ ሰውነት የሚገፋው የግራው ታችኛ ክፍል ነው፤ የሚገፋው ግፊት ሲከብድበት እንደ ወዛደር ክንድ ጡንቻው ይወፍራል። ይህ ውፍረት ጥንካሬ እንዳይመስላችሁ። እየደደረ ይሄዳል፣ እንደ ልቡ አይዘረጋም፣ ሲቆይ ይደክማል። እስከዚያው ዓይኑም ኩላሊቱም አንጎሉም ይጎዳል፤ ሰውየው ግን «ምንም አይሰማኝም» እያለ ነው።

ከአዘዞ የሚመጣ አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበረኝ፤ ቀልደኛ ልጅ። ግፊቱ ሲስተካከል የተረፈውን የግፊት ኪኒን፣ ኢናላፕሪሉን፣ ለጎረቤቱ ሰጠው፤ «ያንተም ግፊት ነው፣ ዝም ብለህ ዋጥ» ብሎ። ጎረቤትየው ደረቅ ሳል ይዞት ሳንባዬን ነው እያለ ሲንከራተት ከረመ። የመድኃኒቱ የታወቀ ጠባይ ነው። ነፍሰ ጡር ብትወስደው ኖሮ ደግሞ ነገሩ በሳል አያበቃም፤ ጽንሱን ይጎዳል። ሾፌሩ በስምንተኛው ወር በቃሬዛ መጣ፤ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ዳማከሴ ሲያሸቱትና ሲያጠጡት ቆይተው ነበር። ስትሮክ ነው። ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲኮላተፍ ያን ደቂቃ መኪና ፈልጉ። ሁለት ቀን ማለት ለአንጎል ዘመን ነው።

የአለካክ ስህተት በእናንተም በእኛም አለ። ዳገቱን ወጥታችሁ፣ በረካውን ጠጥታችሁ፣ ሽንታችሁን ይዛችሁ፣ ጋቢው ላይ ተጠምጥሞባችሁ፣ እያወራችሁ የተለካ ቁጥር የእናንተ ቁጥር አይደለም። ከቡና ግማሽ ሰዓት፣ ከመንገድ አምስት ደቂቃ ዕረፉ፤ እግራችሁን አታነባብሩ፤ ክንዳችሁ ራቁቱን በልባችሁ ልክ ይደገፍ። እኔም ሰልፉ ሲረዝምብኝ ኮት ላይ የለካሁባቸው ቀናት ነበሩ፤ አልደብቅም።

ተለማማጅ ተማሪዎቼ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይወድቃሉ። «ደም ቅዳ ኦክስጅን የጠገበ ደም ይሸከማል፣ ደም መልስ ያልጠገበውን» ብለው እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል። ከልብ ወደ ሳንባ የሚሄደውስ? ደም ቅዳ ነው፤ የሚሸከመው ግን ኦክስጅን ያነሰበትን ደም ነው። ልጆቼ፣ የራሳችሁን ቋንቋ ስሙት፦ ከልብ የሚቀዳው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ። ስለ ኦክስጅን ያወራ የለም። ደም ብዛት ብሎ ያሳሳተን አማርኛ እዚህ ላይ ክሶናል።

«ጨጓራዬ ነው።» ይህችን የምጽፋት እያፈርኩ ነው። አዲስ ምሩቅ ሳለሁ፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ፣ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ጎልማሳ ደረቱን ይዞ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። «ጾሙ ነው፣ ጨጓራዬ ተነሣ» አለኝ፤ እኔም አምኜ የጨጓራ ሽሮፕ ሰጥቼ ሸኘሁት። ማታውኑ ትንፋሽ አጥሮት መለሱት። ለሌላው ደም የሚያድለው ልብ ራሱ የሚመገበው ከዋናው ደም ቅዳ ሥር በሚነሡ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ነው፤ የእሱ አንደኛው ተደፍኖ ነበር። ከሞት ተረፈ፣ ግን በእኔ ብልሃት አይደለም። ዳገት ሲወጡ የሚመጣ፣ ሲያርፉ የሚለቅ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ «ጨጓራ» ካላችሁ ልባችሁን ተመርመሩ።

ጸበል አትሂዱ አልልም፤ እኔም እሄዳለሁ። ግን ልብ ድካም ያለበት ሰው ውኃ ማስወጣት አቅቶት ነው እግሩ የሚያብጠው፣ ሦስት ትራስ ካልደራረበ የማይተኛው። እሱን በጆግ እየቀዱ ማጠጣት፣ በዚያ ላይ ውኃውን በሽንት የሚያስወጣለትን ኪኒን፣ ፉሮሴማይዱን፣ ማስተው፣ ሳንባውን ውኃ መሙላት ነው። ካህኑን በእፍኝ ይስጡኝ በሏቸው፤ እኔ የማውቃቸው እምቢ ብለው አያውቁም።

እንጥል አታስቆርጡ። ከልብ በሽታ አያድንም፤ ደም ያፈሳል።

የልጆች ጉሮሮ ግን አይናቅ። በባክቴሪያ የመጣ የቶንሲል ሕመም ሳይታከም ሲቀር፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ አልፎም የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋውን በር ይበላል፤ ብዙ ጊዜ በግራ ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍሎች መካከል ያለውን። ቫልቩ የተጎዳባት ልጅ ሕመሙ እንዳያገረሽባት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ በየ28 ቀኑ፣ አንዳንዷም በየ21 ቀኑ፣ ለዓመታት ትወጋለች። እናቶች «መርፌው ልጄን አደከማት» ብለው የሚያቋርጡትን ስንጨቃጨቅ ከርመን አሁን ቀንሷል።

አንዲት እናት ግን አንድም ቀን ሳያቋርጡ አሳሳትኳቸው። «በወሩ ይምጡ» አልኳቸው፤ እሳቸውም በሚካኤል ያዙት፣ በየወሩ በ12። ሠላሳ ቀን ይሆናል፣ በሁለት ቀን አልጨቀጭቅም ብዬ ዝም አልኩ። ነሐሴ 12 ልጃቸውን ወጋኋት። መስከረም 12 ልጅቷ ጉልበቷ አብጦ፣ እያነከሰች ገባች። ካርዱን አይቼ ቆጠርኩ፤ ጳጉሜን መሐል ገብታ 35 ቀን ሆኖ ነበር።

«እማማ፣ የእኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው። «28 ቀን ማለት አራት ሳምንት ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ በአራተኛው ማክሰኞ ይምጡ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ማክሰኞ አትለኝም ነበር?» አሉኝ፤ የልጅቷን ጉልበት በነጠላቸው ጫፍ እየሸፈኑ።