ጌም መሥራት ለጀማሪ፦ አንዲት ታንኳ፣ አንድ እስክሪን

ጌም መሥራት የሚፈልግ ጀማሪ ሐሳቡን ተናገር ሲባል ብዙ ጊዜ ከተማ ሙሉ ያወጣል። ባሕር ዳር ዘንባባ ሥር ባጃጅ የሚነዳበት፣ ከደጀን ቁልቁል ወርዶ ዓባይ በረሃን በአይሱዙ የሚሻገርበት፣ ያውም በኔት ከጓደኛ ጋር የሚፎካከሩበት። ያ የብዙ ሰው የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ለመጀመሪያው ጌም አንዲት የደንገል ታንኳ ትበቃለች። ታንኳዋ ጣና ላይ ግራና ቀኝ ትላለች፣ እምቦጭ ከላይ እየተንሳፈፈ ይመጣል፣ ያመለጣችሁት እምቦጭ በነጥብ ይቆጠራል፣ ከነካችሁ አለቀ። ጉማሬውን፣ ዓሣውን፣ ደሴቱን ለኋላ አቆዩት። ሳያልቅ የሚጨመርበት ጌም አያልቅም።

መሣሪያው ጎዶት የሚባል የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ከ2014 ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ በሠራችሁት ጌም ገንዘብ ብታገኙም ድርሻ አይጠይቃችሁም። ኢንስቶል አይደረግም፤ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ነው። ከ100 ሜጋባይት በታች ስለሆነ አንድ ሰው ካወረደው በፍላሽ ለሰፈሩ ይዳረሳል፤ 4 ጊጋ ራም ያለው ያረጀ ላፕቶፕም ለቱዲ (ጥልቀት ለሌለው፣ ጠፍጣፋ) ጌም አያንስም። ጎዶት በሁለት ዓይነት ይወርዳል፤ «ዶት ኔት» የማይለውን ውሰዱ። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ሁለት ነገር አብራችሁ ያዙ፦ ኦፍላይን ማኑዋሉንና ያለቀውን ጌም ለዊንዶውስ ወይም ለስልክ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ኤክስፖርት ቴምፕሌት። ቴምፕሌቱ 1 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ በሞባይል ፓኬጅ አይሞከርም፤ የቅጂ ቁጥሩም ከጎዶታችሁ ጋር አንድ መሆን አለበት። የ4.2 ቴምፕሌት ለ4.3 አይሠራም። ኔት በሌለ ጊዜ ጎዶት ውስጥ ኤፍ 1ን ብትጫኑ የእያንዳንዱ ትእዛዝ ማብራሪያ ይከፈታል።

ላፕቶፕ የሌለው በስልክም መሞከር ይችላል፤ ጎዶት የአንድሮይድ ቅጂ አለው፣ ጣት ግን ይደክማል። ለአሥር ዓመት ልጅ ከሆነ ስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ጌም የሚሠሩበት) ይሻላል፤ ገጹን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል።

አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ሬንደረር (ጌሙን እስክሪን ላይ የሚሥለው ክፍል) የሚለው ላይ «ኮምፓቲቢሊቲ»ን ምረጡ። ሌሎቹ ሁለቱ እንደ ቩልካን ያለ አዲስ የግራፊክስ ሥርዓት ስለሚፈልጉ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ወይ አይከፍቱም ወይ ይንቀራፈፋሉ። ከዚያ ፕሮጀክት ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው የሚለውን ክፈቱና ስትሬች ሞዱን «ካንቫስ አይተምስ» አድርጉት፤ ያለዚያ ጌሙ ስልክ ላይ ሲከፈት መጠኑ ይዛባል። የመስኮቱ መጠን 1152 በ648 ነው፤ እንዳለ ተዉት።

ጎዶት ውስጥ ጌም የሚገጣጠመው ኖድ ከሚባሉ ክፍሎች ነው፤ የኖዶች ስብስብ ሲን ይባላል። ታንኳዋ የራሷ ሲን ይኑራት። ሥሩ ኤሪያ ቱዲ፣ ከሥሩ ሁለት ልጆች፦ ሥዕሉን የሚይዝ ስፕራይት ቱዲ፣ የመነካካት ወሰኑን የሚይዝ ኮሊዥን ሼፕ ቱዲ። ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ሁለተኛው ላይ ነው። ኮሊዥን ሼፑን ጨምሮ ውስጡ ቅርጽ መምረጥ ይረሳል፤ ጎን ላይ ቢጫ ሦስት ማዕዘን ይበራል፣ ታንኳዋም በእምቦጩ ውስጥ እንደ መንፈስ ታልፋለች። ሬክታንግል ስጡት። መጠኑን ስኬል በሚለው አትለውጡ፤ ጠርዙ ላይ ያሉትን ነጥቦች ጎትቱ። ወሰኑንም ከሥዕሉ በአምስተኛ ያህል አሳንሱት። የታንኳዋ ጫፍ ትንሽ አልፎት ሲተርፍ ተጫዋቹ «ለጥቂት!» ይላል፤ ሳይነካ ሲሞት ግን ጌሙን ይዘጋዋል።

አሁን ኮድ። የጎዶት ቋንቋ ጂዲስክሪፕት ነው፤ መጀመሪያ ሊገባችሁ የሚገባው ነገር ዴልታ ነው። ጌም በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይሣላል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ፍሬም ይባላል። «በየፍሬሙ 5 ፒክስል ሂድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም የሚሣል ላፕቶፕ ላይ ታንኳዋ 300 ፒክስል ትሄዳለች፤ 30 ብቻ በሚችል ላፕቶፕ 150። አንዱ ጌም ለአንዱ ፈጣን፣ ለሌላው ቀርፋፋ ሆነ ማለት ነው። ዴልታ ከባለፈው ፍሬም ወዲህ ያለፈው ጊዜ ነው፣ በሰከንድ። ስለዚህ የመስመሩ ሐሳብ እንዲህ ይሆናል፦

ቦታ = ቦታ + አቅጣጫ × 300 × ዴልታ

60 ፍሬም ላይ ዴልታ አንድ ስድሳኛ ስለሆነ እርምጃው 5 ፒክስል ነው፤ 30 ላይ 10። በሰከንድ ሁለቱም 300 ይሆናሉ። አቅጣጫው የግራ ቀስት ሲጫን −1፣ የቀኝ ሲጫን 1፣ ምንም ካልተጫነ 0 ነው፤ ጌት አክሲስ የሚባለው ትእዛዝ ይህን ራሱ ይመልስላችኋል። ቦታዋን ከ40 እስከ 1112 ባለው ውስጥ ክላምፕ በሚባለው ትእዛዝ ካላገዳችኋት ከእስክሪኑ ወጥታ ትቀራለች።

ከቴሌግራም የተቀዳ ኮድ ላይ ተጠንቀቁ። ጂዲስክሪፕት የመስመሮችን ዝምድና የሚያውቀው በመግቢያቸው ነው፤ እናንተ በታብ ስትጽፉ የተቀዳው በስፔስ ከመጣ «ታብና ስፔስ ተደባልቋል» የሚል ስሕተት ያወጣል። የትእምርተ ጥቅስ ምልክቱም በጌጠኛው ተለውጦ ይመጣል። አጭር ኮድ ከሆነ በእጅ መጻፉ ይቀላል፤ እጅም ይለምዳል። ትልቅና ትንሽ ፊደልም ይለያያሉ።

እምቦጩም እንደ ታንኳዋ የራሱ ኤሪያ ቱዲ ሲን ነው፤ በሰከንድ 200 ፒክስል ወደ ታች ይወርዳል። በዋናው ሲን ላይ ታይመር ጨምሩ፣ 1.2 ሰከንድ ስጡት፣ «ኦቶስታርት»ን ምልክት አድርጉ። እሱን የረሳ ሰው ኮዱን ሲመረምር ይውላል፤ ታይመሩ ግን ጨርሶ አልተነሣም። ታይመሩ በጮኸ ቁጥር አንድ እምቦጭ ከላይ፣ ከ50 እስከ 1100 በዘፈቀደ ቦታ ይፈጠር። ታች ከ700 ሲያልፍ ነጥብ ጨምሩና ኪው ፍሪ በሚባለው ትእዛዝ አጥፉት። ካላጠፋችሁት የማይታይ እምቦጭ በየደቂቃው 50፣ በአሥር ደቂቃ 500 ይከማቻል፤ ጌሙም እየከበደ ይሄዳል። (ጣናም ላይ ያስቸገረው ይኸው መከማቸቱ ነው።) በየ10 ነጥቡ ታይመሩን በ0.05 አሳጥሩት፣ ከ0.4 በታች ግን አታውርዱት።

መነካካቱን የሚነግራችሁ ሲግናል ነው። ታንኳዋን መርጣችሁ ኖድ ከሚለው ገጽ «ኤሪያ ኢንተርድ»ን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። ፈንክሽኑን (ሲነካ የሚሠራውን የኮድ ክፍል) በእጅ ጽፎ ማገናኘቱን የረሳ ሰው ምንም ስሕተት ሳያይ ምንም አይሠራለትም፤ ከመስመሩ ጎን ትንሽ አረንጓዴ ምልክት መኖሩን እዩ። ሲነካ ጌሙን ፖዝ አድርጉና «እንደገና ለመጫወት ኢንተር» ጻፉ። ፖዝ የተደረገ ጌም ግን ኢንተሩንም አይሰማም! ኢንተሩን የሚጠብቀው ኖድ ፕሮሰስ ሞዱ «ኦልዌይስ» ይሁን፤ ሲን ከመድገማችሁ በፊትም ፖዙን ፍቱ።

«ነጥብ፦ 12» ብላችሁ በሌብል (ጽሑፍ በሚያሳየው ኖድ) ስትጽፉ ላፕቶፑ ላይ ፊደሉ ጥሩ ሆኖ ይታይና ብራውዘር ላይ ሳጥን በሳጥን ይሆናል። የጎዶት የራሱ ፎንት ግዕዝ የለውም፤ ላፕቶፑ ላይ ያያችሁት ከዊንዶውስ የተዋሰውን ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ አስገቡና ለሌብሉ ስጡት።

ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሥላችሁ በስልክ ብታነሡትም ያስኬዳል። ፒክስል አርት ከሆነ 32 በ32 ሥሩና ቴክስቸር ፊልተሩን «ኒረስት» አድርጉት፤ አለዚያ ሲጎላ ይደበዝዛል። ዝግጁ ሥዕል ስትፈልጉ «ሲሲ ዜሮ» የሚል፣ ማንም በነፃ እንዲጠቀምበት የተለቀቀበት ፈቃድ ያለውን ውሰዱ። ለድምፅ የታወቀ ዘፈን አትቁረጡ፤ የጎረቤት ማሲንቆ በፈቃዱ ቅዱና ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም አጽዱት። አጭሩን ድምፅ ዌቭ፣ ረጅሙን ኦግ አድርጉት።

መብራት ሳይናገር ይሄዳል። ኮንትሮል ኤስ ልማድ ይሁን፤ ጌሙን በኤፍ 5 ስታስኬዱም ጎዶት ራሱ ሴቭ ያደርጋል። ማታ ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ቀኑን ጽፋችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። «ዶት ጎዶት» የሚባለውን ፎልደር ዚፑ ውስጥ አታስገቡት፤ ከባድ ነው፣ ፕሮጀክቱ ሲከፈት ተመልሶ ይፈጠራል።

ጌሙ ሲያልቅ አምስት ሰው አስጫውቱ፤ አፋችሁን ግን ያዙ። «በቀስቱ ነው እኮ» ካላችሁ ፈተናው ተበላሸ። ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከተደናገሩ ጥፋቱ የጌሙ ነው።

ለዊንዶውስ ስታወጡ «ኤምቤድ ፒሲኬ»ን (የጌሙን ፋይል ኤግዜው ውስጥ የሚያስገባውን) ምረጡ፤ ካልሆነ ለጓደኛ ኤግዜውን ብቻ ልካችሁ «አልከፍት አለ» ትባላላችሁ። ለስልክ ስታወጡ ቀስት የለምና እስክሪኑን 576 ላይ ለሁለት ክፈሉት፤ ግራውን የነካ ወደ ግራ፣ ቀኙን የነካ ወደ ቀኝ። የአንድሮይድ ኤክስፖርት ጃቫ 17ና አንድሮይድ ኤስዲኬ ይፈልጋል። ከአርኪቴክቸሮቹ (ከስልክ ፕሮሰሰር ዓይነቶቹ) 64 ቢቱ ብቻ ተመርጦ ታገኙታላችሁ፤ 32 ቢቱንም ምረጡ፣ ርካሽና አሮጌ ስልክ ላይ «አልተጫነም» የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው። ፕሌይ ስቶር ላይ ለማውጣት 25 ዶላር አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ኤፒኬውን (ስልክ ላይ የሚጫነውን ፋይል) በቴሌግራም መላክ ግን ነፃ ነው። ስልኩ ጌሙን የሚለይበትን የፓኬጅ ስም መጀመሪያ ላይ አስባችሁ ስጡት። ኪስቶር የሚባለውን የፊርማ ፋይልም ከነፓስወርዱ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ከጠፋ ያሻሻላችሁትን ቅጂ ስልኩ በድሮው ላይ አልጭንም ይላል፣ ተጫዋቹም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ግድ ይሆንበታል።