የመንጠቆዋን እሾህ በፒንሳ ጨፍልቋት

ከደሴም ከኮምቦልቻም ለእረፍት ሐይቅ ብቅ ብላችሁ ዓሣ ለምታጠምዱ። ትንሿን ቆሮሶ ልመልሳት ስትሉ መንጠቆው አልነቀል ብሎ አፏን ይቀደዋል አይደል? ከመንጠቆው ጫፍ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የዞረች እሾህ አለች። እንዳይነቀል የምትይዘው እሷ ናት። በፒንሳ ጥብቅ አድርጋችሁ ጨፍልቋት። ከዚያ በኋላ መንጠቆው በገባበት ስልት ብሎ ይወጣል፤ ጣታችሁ ላይ ቢሰካም አያስቸግርም። ዓሣው እንዳያመልጥ ክሩን ወጥሮ መሳብ ነው፤ ከላላ ያመልጣል። ስትይዙት ደግሞ እባካችሁ እጃችሁን ውሃ አስነኩት፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን የሚያሟልጭ ሽፋን ይገፍበታል። ባሌ ወርዳችሁ ዌብ ወንዝ ላይ ትራውት ለምታጠምዱም ይኸው ነው። ለእራት ብቻ ከሆነ ግን እሾኋን አትንኳት።