ጓደኛዎ «ድባቴ አለብኝ» ሲልዎት

ጓደኛዎ የቡና ስኒውን በጣቱ ሲያዞር ቆይቶ፣ በመጨረሻ «ሐኪም ድባቴ አለብህ ብሎኝ መድኃኒት ጀምሬያለሁ» ቢልዎት፣ ከአፍዎ የሚቀድመው «አይዞህ፣ ጠንከር በል» የሚለው ሊሆን ይችላል፤ ቃሉ ከቅን ልብ ቢወጣም ሕመሙን የራሱ ድክመት አድርጎ እንዲያየው ሊያደርገው ስለሚችል ቢያቆዩት ይሻላል። ይልቁንም «ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ፤ ምን ላግዝህ?» ብለው ይጠይቁትና ሳያቋርጡ ያድምጡት። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ በመሆኑ፣ «ካልሠራልህ ተወው» አይበሉት፤ ጠበል የሚጠመቅ ከሆነም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ እንደሚችል ይንገሩት። ምስጢሩን ያለ ፈቃዱ ለማንም አያውሩ። ነገር ግን መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ፣ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥርበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን አይተዉት፤ ቤተሰቡን ወይም የሚያምነውን ሰው ጠርተው በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል፣ አዲስ አበባ ከሆኑ ለምሳሌ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል፣ ዛሬውኑ አብረውት ይሂዱ። ሁኔታው ለዚህ የማያደርስ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን የሕክምና ቀጠሮ ቀን ይጠይቁትና በዕለቱ ጠዋት «ልሸኝህ?» ብለው ይደውሉለት።