ሳይክልካርት ከውዳቂ ብረት ስትሠሩ ዋጋ የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ሳይክልካርትን ለማታውቁ ባጭሩ፦ አንድ ሰው ብቻ የምትጭን፣ መልኳን ከ1920ዎቹና 30ዎቹ የውድድር መኪኖች የወሰደች፣ በውሃ ፓምፕ ሞተር የምትሄድ ቤት ሠራሽ መኪና ናት። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ጀማሪዎቹ ልክ አበጁለት፦ ባለ 17 ኢንች የሞተር ሳይክል ጎማ፣ እንደ ሆንዳ ጂኤክስ 200 ያለ 6.5 የፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ጠቅላላ ክብደት 113 ኪሎ ገደማ።

ለዚህ ሥራ አዲስ አበባን የመሰለ ከተማ የለም። በኩሽኔታ የሚንከባለል ጋሪ ሠርቶ ቁልቁለት ያልወረደ የሰፈር ልጅ ስንቱ ነው? ምናለሽ ተራ ሂዱ፤ በርሜል ተቀዶ ምድጃ ሲሆን ታያላችሁ። ሶማሌ ተራ ዝለቁ፤ የመኪና አንጀት ተዘርግቶ ይጠብቃችኋል። እና የኛ ችግር ዕቃ ማጣት አይደለም። ያገኙትን ሁሉ መግጠም ነው። ከቁራሊዮ የተገዛ ዕቃ ለኮፋኖ፣ ለመቀመጫ፣ ለዳሽቦርድ ምን ጣጣ አለው። ጎማው፣ መሪውና ፍሬኑ ላይ ግን ቀልድ የለም።

ከኮፋኖው መጀመር

ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሠራው አፍንጫዋን ነው። ፎቶ ላይ ታምራለቻ! በኋላ ሲቀመጡባት ጉልበት መሪውን ይነካል፣ እግር ፔዳል ላይ አይደርስም። ስለዚህ ብረት ከመቁረጣችሁ በፊት ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ሳሏት። ከፊት ጎማ እምብርት እስከ ኋላው 165 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ከ90 እስከ 95 ሴንቲሜትር። ከዚያ መሃሉ ላይ ቁጭ በሉ፤ ሌላ ሰው ቁመታችሁን፣ ክርናችሁንና የእግራችሁን ጫፍ በጠመኔ ያክብብ። አብዛኞቹ ሳይክልካርቶች ላይ ሞተሩ ከሹፌሩ ኋላ ነው ያለው፤ ረጅሙ ኮፋኖ ውስጥ የሚገባው የሹፌሩ እግር ነው።

የባጃጅ ጎማ መግጠም

ርካሽ ነው፣ እንደ ልብ ይገኛል፣ ጠንካራም ነው። ግን 8 ኢንች ነው። የዚያን ዘመን መኪና መልክ የሚሰጠው ትልቅና ቀጭን ጎማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሊዮን ላይ ለውድድር የቀረበችውን ቡጋቲ ታይፕ 35 ፎቶ እዩ፤ የጎማው ከፍታ ኮፋኖው ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። በባጃጅ ጎማ የምትሠራ መኪና፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሱፐርማርኬት ጋሪ ትመስላለች። የብስክሌት ጎማ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

የሞተር ሳይክል ጎማን እንዳለ ማንጠልጠል

እዚህ ጋ ረጋ ብለን እንይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ሞተር ሳይክል ሲታጠፍ ያጋድላል። ስለዚህ ጭነቱ ምንጊዜም በቸርኬው አቅጣጫ ነው የሚወርደው። ባለ አራት ጎማ መኪና አታጋድልም፤ ስትታጠፍ ጎማውን ወደ ጎን ትገፋዋለች። የቸርኬው ሽቦዎች ለዚህ ግፊት አልተሠሩም። በዚያ ላይ ሞተር ሳይክሉ ላይ ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ) በሁለቱም ጫፍ ተይዞ ነበር፤ የናንተ መኪና ላይ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚያዘው። የድሮውን 12 ሚሊሜትር ፔርኖ ቆርጦ ሻንሲው ላይ መበየድ የተለመደው ስህተት ነው። ፔርኖው ጠጣር ብረት ነው፤ ብየዳው አጠገብ በሙቀቱ የተነሳ ተሰባሪ ይሆናል። ቆሞ ሲታይ ምንም የለበትም። የሚሰበረው በፍጥነት ስትታጠፉ ነው።

መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው። ሞዞው (የጎማው እምብርት) ውስጥ 6202 የሚባል ኩሽኔታ ካለ ውስጡ 15፣ ውጩ 35 ሚሊሜትር ነው። 6003 የሚባለው የውጭ ልኩ ያው 35 ሆኖ ውስጡ 17 ነው። ስለዚህ ሞዞውን ሳትነኩ ኩሽኔታውን ብቻ ቀይራችሁ ወፍራም ፔርኖ ማስገባት ትችላላችሁ። 6003 በስፋት 1 ሚሊሜትር ስለሚያንስ ክፍተቱን በስስ ሮንዴላ ሙሉት። ሁለቱን ኩሽኔታዎች የሚያራርቀውን የውስጥ ቱቦ ደግሞ አደራ እንዳትጥሉት። እሱ ከሌለ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ኩሽኔታዎቹ እርስ በርስ ይጫጫናሉ፣ ግለው ይበላሻሉ። ቱቦውም በአዲሱ ፔርኖ ልክ መስፋት አለበት።

ከቻላችሁ ለአራቱም ቦታ የኋላ ጎማ ግዙ። ሞዞው ሰፊ ስለሆነ ሽቦዎቹ ይበልጥ ተንጋደው ይወጠራሉ፤ የጎን ግፊትን የሚችለው ይሄ ነው። ፍሬኑም አብሮ ይመጣል።

መሪውን በግምት መሥራት

ስትታጠፉ የውስጠኛው ጎማ ከውጪኛው ይበልጥ መዞር አለበት፤ የሚዞረው ክብ ጠባብ ነዋ። ይህን ለማግኘት ሲባጎ ይበቃል። የፊት ጎማው ከሚዞርበት ምሰሶ ጀምሮ በመሪው ክንድ ጫፍ አሳልፋችሁ ወደ ኋላ ወጥሩት። የግራውም የቀኙም ሲባጎ የኋላው አክስል መሃል ላይ መገናኘት አለበት። ምሰሶውን ደግሞ ራሱን ወደ ኋላ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ አዘንብሉት፤ ያኔ መሪውን ስትለቁት ወደ ቀጥታ ይመለሳል። የላዳ መሪ ሳጥን እንዳለ የሚገጥሙ አሉ። ክብደት መጨመር ነው፣ ትርፉም ድካም። ቴስቲና (የመሪው ዘንጎች ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ) ግን አዲስ ግዙ። ያገለገለ ቴስቲና ርካሽ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወፍራም ብረት ጠንካራ ነው ብሎ ማሰብ

በያጅ ወዳጆቻችን ወፍራም አንግል ይወዳሉ። ለበር ጥሩ ነው። ለዚህች መኪና 25 በ50 ሚሊሜትር የሆነ፣ ውፍረቱ 1.5 ወይም 2 የሆነ ቱቦላሬ ይበቃል። እያንዳንዱ ትርፍ ኪሎ ሞተሩ ላይም ፍሬኑም ላይ ይጫናል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ካገኛችሁ የሚበየደውን ቦታ እስኪጠራ ፈግፍጉት፤ የዚንኩ ጭስ ያሳምማል።

በርሜል ለቦዲ ግሩም ላሜራ ነው። ግን ውስጡ ምን እንደነበረ ሳታውቁ በእሳት አትቁረጡ። ቤንዚን ወይም ቲነር የነበረበት በርሜል ባዶ ሲሆን ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፤ የቀረው ትነት በአንድ ፍንጣሪ ይፈነዳል። የድሮ የነዳጅ ታንከርም እንደዚያው ነው፤ አትበይዱት።

ሞተሩን ከከፍታው ነጥሎ ማሰብ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ 6.5 ተብሎ የተሸጠላችሁ እዚህ 5 እንኳ አይሞላም። ካርቦራተሩ ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተቃኘ ከሆነ ቤንዚን ያበዛል። ካንዴላውን ፍቱና እዩት፤ ጥላሸት ከለበሰ ካርቦራተሩ ቀዳዳው አነስ ያለ ጄት (ቤንዚን ማሳለፊያ) ያስፈልገዋል።

ጉልበት አነሰ ተብሎ ገቨርነሩን (የሞተሩን ዙር የሚገድበውን ክፍል) መንቀል ግን ሌላ ጥፋት ነው። ሞተሩ የተሠራው በደቂቃ 3,600 ዙር አካባቢ እንዲሠራ ነው። ገቨርነሩ ከተነቀለ የውስጡ ቢየላ (የፒስተኑ ክንድ) ሊሰበር፣ ሲብስም ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ጎማ) ሊፈነዳ ይችላል። የሚፈነዳው ደግሞ ከጀርባችሁ ነው።

የካቴናውን ጥርስ አስቡበት። ሞተሩ ላይ 10፣ ጎማው ላይ 60 ጥርስ ብታደርጉ በ3,600 ዙር ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ትደርሳላችሁ። ደስ ይላል አይደል? ግን በራሱ የሚይዘው ተራ ፍሪሲዮን በደንብ የሚነክሰው 2,000 ዙር ገደማ ላይ ነው፤ ይህ በዚህ ጥርስ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚያ በታች እየተንሸራተተ ይግላል። ዳገት ላይ ሽታው ይነግራችኋል። ወይ የጎማውን ጥርስ አብዙና ፍጥነቱን ተዉት፣ ወይ እንደ ስኩተር በቀበቶ የሚለዋወጥ ማስተላለፊያ ፈልጉ። ዲፈረንሻል (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው) አያስፈልግም፤ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ መንዳት ለዚህች መኪና በቂ ነው።

ፍሬንን ለመጨረሻ ማቆየት

በራሱ የሚይዘው ፍሪሲዮን የሞተሩ ዙር ሲወርድ ይለቃል፤ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ አይዛችሁም። ያለው ፍሬን ብቻ ነው። የከበሮ ፍሬኑ ሳህን ሻንሲው ላይ በጠንካራ ክንድ ካልታሰረ፣ ስትረግጡ ሳህኑ ራሱ ከጎማው ጋር ዞሮ ገመዱን ይጠመጥመዋል። ሁለቱን ገመዶች ከአንድ ፔዳል የምትስቡ ከሆነ መሃል ላይ እንደ ሚዛን የሚወዛወዝ ዘንግ አድርጉ፤ አለበለዚያ አንዱ ቀድሞ ይይዝና ወደ ጎን ትጠመዘዛላችሁ። የነዳጅ ፔዳሉ መመለሻ ሞላ ይኑረው፤ ሞተር ማጥፊያውም እጅ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሁን።

አስፋልት ላይ ማውጣት

ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው አዲሱ የብስክሌት መንገድ እንደሚያጓጓ አውቃለሁ። ግን የብስክሌት ነው። ታርጋ የሌላት፣ መብራት የሌላት መኪና መንገድ ላይ ቦታ የላትም። ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክል ላይ እንኳ ገደብ ጥላለች። ሰፊ ግቢ ያለው ዘመድ ፈልጉ ወይም ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የታጠረ ሜዳ ተጠቀሙ። ሄልሜት አድርጉ። መጀመሪያ በሰው እርምጃ ፍጥነት ንዱና ቁሙ። የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣት ነካ ነካ አድርጓቸው፤ የላላው ድምፁ ደብዛዛ ነው። ቡሎኖቹንም አጥብቁ። ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።