ከሌዘሩ በፊት ውሃውን ጠይቁት

ውሃ ውስጥ የሚበራ ሌዘር ልሥራ ብሎ የሚነሳ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው "ስንት ዋት ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔም የጀመርኩት ከዚያው ነው። ግን መቅደም ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው። ውሃው ምን ያህል ይጠራል? ብርሃኑስ ስንት ሜትር እንዲሄድ ነው የሚፈለገው? ይህን ሳታውቁ የገዛችሁት ዋት ውሃ በላው ማለት ነው።

ውሃ በየሜትሩ ከቀረው ብርሃን ላይ በመቶኛ እየቆረጠ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ጉልበት መጨመር ብዙም አያራምድም። የውሃው የማዳከም ቁጥር (ብርሃንን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚያዳክም የሚነግረን ቁጥር) በሜትር 0.2 ነው እንበል፤ 5 ሜትር ላይ 37 በመቶ ገደማ የሚቀር ማለት ነው። እዚህ የሌዘሩን ጉልበት እጥፍ ብታደርጉት የምታተርፉት 3.5 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ 2 በሆነ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ግን እጥፍ ጉልበት ከፍላችሁ የምታገኙት 35 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ያውም ለመሄጃው። ብርሃኑ ነገሩን ነክቶ ወደ ካሜራ መመለስ ካለበት ትርፉ በግማሽ ይቀንሳል።

ቁጥሩን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። አንድ የ20 ሴንቲሜትር፣ አንድ ደግሞ የ1 ሜትር ከ20 ቧንቧ ያዙ። ጫፎቻቸውን በመስታወት ዘግታችሁ ውሃውን ሙሉበት፣ ከዚያ ልትጠቀሙበት ባሰባችሁት ቀለም ደካማ ሌዘር በአንድ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል በፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚቀይር መለኪያ) ለኩ። የአጭሩን ንባብ ለረጅሙ ንባብ አካፍሉና የተፈጥሮ ሎጋሪዝሙን ውሰዱ። የርዝመት ልዩነታቸው 1 ሜትር ስለሆነ የወጣው ቁጥር ራሱ መልሱ ነው። ሁለት ቧንቧ ያስፈለገው መስታወቱ የሚያንጸባርቀው ብርሃን እንዲጣፋ ነው።

ትልቁ ትርፍ ያለው ቀለም ላይ ነው። የብርሃን ቀለም የሚለየው በሞገድ ርዝመቱ ነው፣ እሱም በናኖሜትር ይለካል። በንጹሕ ውሃ የ650 ናኖሜትር ቀይ 10 ሜትር ከሄደ በኋላ የሚቀረው 3 በመቶ ገደማ ነው። የ532ቱ አረንጓዴ ከ60 በመቶ በላይ፣ የ450ው ሰማያዊ ደግሞ 90 በመቶ ያህል ይተርፋል። በዓይን የማይታየው የ1064 ኢንፍራሬድማ ጥቂት ሴንቲሜትር ሄዶ ያልቃል። ታዲያ ሁሉም ሰማያዊ ይግዛ? የለም። በባሕር ዳርቻና በሐይቅ ውሃ ውስጥ አልጌውና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ቢጫማ ቀለም ሰማያዊውን ስለሚመጡት እዚያ አረንጓዴ ይሻላል። ሰማያዊ ለጥልቁና ለጠራው ባሕር ነው። አንድ ሜትር ለማይሞላ ርቀት ቀይም ይበቃችኋል፣ አትጨናነቁ።

አረንጓዴ ስትመርጡ ግን ተጠንቀቁ። የ532 ሌዘር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በ808 ናኖሜትር ዳዮድ (ከረንት ሲያገኝ ብርሃን በሚሰጥ ትንሽ ቺፕ) ክሪስታል ገፍቶ 1064 በማውጣት፣ የዚያን የሞገድ ርዝመት ደግሞ በሌላ ክሪስታል በግማሽ በማሳጠር ነው። ይህ ሰንሰለት ሙቀት ሲቀየር ይረበሻል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ ከፍ ዝቅ ይላል። እኔ በቀጥታ 520 አካባቢ የሚያበራ ዳዮድ እመርጣለሁ። የጨረሩ ጥራት ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ጠባዩ ይታወቃል። የትኛውንም ብትወስዱ ቋሚ ከረንት በሚሰጥ ድራይቨር (መቆጣጠሪያ ሰርኪዩት) አብሩት። ዳዮድን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ማቃጠል ነው።

አሁን ሌዘሩ ተዘግቶ ወደሚቀመጥበት ቱቦ መስኮት። ጨረር ከአየር በጠፍጣፋ መስኮት ወደ ውሃ ሲገባ ይጠባል። አየር ላይ 90 ዲግሪ የሚዘረጋ የመስመር ሌዘር ውሃ ውስጥ 64 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የመስመሩን ስፋትም ሆነ የሌንሱን ትኩረት ጠረጴዛ ላይ አስተካክዬ ጨረስኩ አትበሉ፤ የመጨረሻው ማስተካከያ በውሃ ውስጥ ነው። ነጸብራቅ ለመቀነስ መስታወቱን የምታስቀቡ ከሆነ የውስጡን ፊት ብቻ አስቀቡ። በአየር በኩል 4 በመቶ ገደማ ይመለሳል፣ በውሃው በኩል ግን ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም። ውፍረቱን ግን አትቆጥቡ፦ 100 ሜትር ጥልቀት ላይ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ክብ መስኮት ውሃው በ200 ኪሎ ያህል ክብደት ይጫነዋል።

ካሜራ ካለ ከሌዘሩ አርቁት። ጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት አብርቶ የነዳ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ አጠገባችሁ ያለው ቅንጣት የበተነው ብርሃን ነው የሚያሳውራችሁ።

ሙቀትን በተመለከተ፣ የመጀመሪያውን ሌዘሬን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ነበር ያስገባሁት። ውጪው ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ምን ይሆናል ብዬ። ፕላስቲኩ ሙቀቱን አላሳልፍ ብሎ ዳዮዱ ደከመ፣ በዚያ ላይ ውስጥ የነበረው እርጥብ አየር መስኮቱ ላይ ጤዛ ሠራ። ጨረሩ የተበተነ ነጥብ ሆኖ አረፈው። ከዚያ ወዲህ አኖዳይዝድ የሆነ (ገጹ በመከላከያ ሽፋን የጠነከረ) አሉሚኒየም እጠቀማለሁ፣ ዳዮዱን ከግድግዳው ጋር በደንብ አጣብቃለሁ፣ ደረቅ ቀን ላይ ዘግቼ እርጥበት የሚመጥ የሲሊካ ጄል ከረጢት እጨምርበታለሁ።

ዓይናችሁን አትርሱ። ከ5 እስከ 500 ሚሊዋት ያለው ሌዘር የአደጋ ምድቡ 3ቢ ነው፣ ከዚያ በላይ 4። የጠላቂ መነጽር ውስጥ አየር ስላለ ዓይን እንደ ወትሮው ያተኩራል፤ ውሃው ጋሻ ይሆነናል አትበሉ። የውሃው ገጽም ከታች ሲያዩት መስታወት ነው፦ ከቀጥታው ወደ ላይ 49 ዲግሪ ያህል ካዘነበለ በኋላ ጨረሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ታች ይመልሰዋል። ውሃ ሲነካው ብቻ የሚያበራ ማብሪያ ግጠሙለት። ዓይንንም ያድናል፣ አየር ላይ ተረስቶ በርቶ ከመጋልም ይጠብቃል።

በመጨረሻ ኦሪንጎቹን (ቱቦውን ውሃ እንዳያስገባ የሚያሽጉትን የጎማ ቀለበቶች) ከፀጉርና ከአሸዋ አጽዱ፣ ሲሊኮን ግሪስ በስሱ ቀቡ። ቱቦውን ባዶውን፣ ውስጡ ሶፍት ብቻ አድርጋችሁ፣ ልትሠሩበት ካሰባችሁት ጥልቀት በላይ አውርዱት። ከአንድ ሌሊት በኋላ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ሌዘሩን አስገቡ።