ለልጆች ፀጉር ቤት ውስጥ ሊቭ-ኢን ኮንዲሽነር ስንሠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ ተልባ ከጓዳ አይጠፋም። ለልጆች ፀጉር የሚሆን ማለስለሻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። ሊቭ-ኢን ኮንዲሽነር የሚባለው ማለስለሻ ከተቀባ በኋላ አይታጠብም። የገባበት ነገር ሁሉ ልጁ ራስ ላይ ውሎ ያድራል፣ ትራሱን ይነካል፣ በእጁ በኩል አፉና ዓይኑ ይደርሳል። እዚህ ያሉትን ስህተቶች የምመዝናቸው በዚህ ነው።

ቅቤን ወይም ዘይትን ብቻ መቀባት

ለጋ ቅቤ ለአናት ጥሩ ነው ተብለን ነው ያደግነው። አልከራከርም። ግን ፀጉርን የሚያርሰው ውሃ ነው። የቅባት ሥራ የገባው እርጥበት ቶሎ እንዳይተን መያዝ ነው። ደረቅ ፀጉር ላይ ቅቤ ሲደፋበት ድርቀቱ እንዳለ ይሸፈናል እንጂ አይለሰልስም። ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የተልባ ዝልግልግ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ጠብታ ዘይት ነው።

በነገራችን ላይ የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ረግቶ ነው የሚገኘው። ውህዱ ውስጥ ከጨመራችሁት ነጭ ፍርፋሪ ሆኖ ፀጉር ላይ ይቀራል፤ አያት «ልጁ ፎረፎር ያዘው» ብላ ትደነግጣለች። ለደጋ የጉሎ ዘይት ይሻላል።

ተልባውን ከቀዘቀዘ በኋላ ማጥለል

ሩብ ኩባያ ተልባ በሁለት ኩባያ ውሃ ጣዱ። ተልባው ያልተቆላና ያልተፈጨ ይሁን። ለመጠጥ የተዘጋጀው የተልባ ዱቄት በጨርቁ እያለፈ ፀጉር ውስጥ ይሰገሰጋል፤ ከዚያ ማበጠሪያ ይዞ ፍርፋሪ ሲለቅሙ ማምሸት ነው። መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉት፤ ካልተማሰለ ከታች ይይዛል። ውሃው እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር አውርዱት። በጣም እስኪወፍር አትጠብቁ፣ የቀረውን ሲቀዘቅዝ ራሱ ይወፍራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። «ይቀዝቅዝና አጠልለዋለሁ» ይላል። ሲቀዘቅዝ ግን ከፍሬው አልላቀቅም ብሎ እዚያው ይቀራል። እንደሞቀ፣ እጅ እንዳያቃጥል ተጠንቅቆ፣ በንጹህ ስስ ጨርቅ ወይም በታጠበ ስቶኪንግ ማጥለል ነው። ለመርጨት እንዲመች ከቀዘቀዘ በኋላ ፈልቶ በበረደ ውሃ አቅጥኑት።

ለወር የሚበቃ መሥራት

ውሃ ያለበት ነገር እንዳይበላሽ የሚያደርግ መከላከያ ካልገባበት ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል። «አፍልቼዋለሁ» ብሎ መተማመን አይሠራም። ደብረ ብርሃን ላይማ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ አንድ ሳምንት ይቆይ። ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ከሆናችሁ ሙቀቱ ጊዜ አይሰጥም፤ ፍሪጅ ከሌለ የዕለቱን ብቻ ሥሩ። ጠረኑ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ሳትሳሱ ድፉት። ጠርሙሱም ይታሰብበት። የበረኪና ወይም የፀረ ተባይ መያዣ የነበረ ታጥቦም አይሆንም።

የሚበላ ሁሉ ለፀጉርም ይሆናል ማለት

ሎሚ አይግባበት። አሲዱ የራስ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታውም ሊያቆስል ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ ደግሞ ፀጉርን ያሻክራል። ጥሬ እንቁላልና አቮካዶ ታጥቦ ለሚወጣ ቅባት እንጂ ራስ ላይ ለሚያድር አይሆኑም፤ ይበሰብሳሉ፣ ይሸታሉ። ማርን ደግሞ ዓመት ያልሞላው ሕፃን መቅመስ ስለሌለበት እጁ በሚደርስበት ፀጉር ላይ አትቀቡት።

እሬት የምትጨምሩ ከሆነ ቅጠሉ ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ቆዳ ያሳክካል። ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ አቁሙት፣ ታጠቡት፣ ከውስጥ ያለውን ጥርት ያለ ሥጋ ብቻ ውሰዱ። ከተራራ የተቆረጠ፣ ዓይነቱ የማይታወቅ እሬት ከሆነ ይቅርባችሁ።

መዓዛ ማሳመር

ለልጅ ሽታ አያስፈልግም። አገሩ ሁሉ ባህር ዛፍ ስለሆነ ዘይቱንም የምንንቀው ይመስለኛል። ነገር ግን የባህር ዛፍ ዘይት ትንሹ እንኳ ሲዋጥ ሕፃንን ሊያንቀጠቅጥና ራሱን ሊያስት ይችላል። ለቅማል ብሎ ላምባ መቀባትማ ጭራሽ አይነሳ።

ሳይሞክሩ መቀባት

ክንዱ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካልቀላና ካላሳከከ ቀጥሉ።

ጭርትን በቅባት ማከም

ፀጉሩ ክብ ክብ እየሆነ ከተመለጠ ወይም ቆዳው ከተቀረፈ ነገሩ ድርቀት ላይሆን ይችላል። የራስ ጭርት ሐኪም የሚያዘው፣ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። እስከዚያ ማበጠሪያና ሻሽ ከወንድም ከእህት ጋር አይጋራ።

ጠዋት ማርጠብና ከሥር ማበጠር

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በዚያ ውርጭ የልጅ አናት አርጥቦ ትምህርት ቤት መላክ ልጁን ፀጉር መሠራት ማስጠላት ነው። ከሰዓት፣ ፀሐይ ሳለች ይሠራ። ፀጉሩን አራት ቦታ ክፈሉት። ለብ ያለ ውሃ ርጩበት፣ ለአንዱ ክፍል አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቀቡ። ቆዳውን ትታችሁ ፀጉሩን፣ በተለይ ጫፉን። ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራችሁ ወደ ሥር ውጡ። የተቋጠረ ካጋጠማችሁ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ፀጉር በጣት ያዙት፤ ጉተታው አናቱ ላይ አይደርስም። ሹሩባው ከዚያ ይሠራ፣ ግንባሩ ላይ ሳይጠብቅ።