ረጃጅሞቹን ተዉአቸው፦ ለፖላንድ ተማሪ የሲ 1 እንግሊዝኛ ቃላት ስታስጠኑ

ፖላንድ ውስጥ እንግሊዝኛ የምታስጠኑ ካላችሁ፣ ወይም ፖላንድኛ እያወራ ያደገ ልጃችሁ ሲ 1 አድቫንስድ ለሚባለው የካምብሪጅ ከፍተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ፈተና እየተዘጋጀ ከሆነ፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ የምኖረው ፖዝናን ነው። እንጀራዬ ማስጠናት ነው፤ እዚህ «ኮሬፔቲፅዬ» ይሉታል። ወላጆች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «በሳምንት ስንት አዲስ ቃል ያስሸመድዱታል?» ብለው ነው። መልሴ ቅር ያሰኛቸዋል። ረጃጅሞቹን ቃላት ልጁ በአብዛኛው ያውቃቸዋል። የሚጎድሉት አጫጭሮቹ ናቸው።

ፖላንድኛ ከላቲን የወሰደው ቃል ብዙ ነው። ኢንፎርማፅያ፣ ሲቱአፅያ፣ ሞቲቫፅያ ይላሉ። «ፅያ»ን ወደ «ሽን» ከቀየሩት እንግሊዝኛው መጣ ማለት ነው። እኛ አገር ተማሪ የሚፈራቸው እንደ ኮንሴንሰስ ያሉ ቃላት ለዚህ ልጅ የቤቱ ናቸው። ትርጉማቸው ላይ ጊዜ አታጥፉ። ስፔሊንጋቸው ላይ ግን ቁጭ በሉ። ፖላንድኛ ድርብ ፊደል ብዙም አይወድም። «አድሬስ» ሲጻፍ አንድ ዲ፣ አንድ ኤስ ነው፤ እንግሊዝኛው ሁለቱንም ይደርባል። «ኮሚስያ»ም እንደዚሁ፤ በእንግሊዝኛ ኤሙም ኤሱም ይደረባል። «ፊሎዞፊያ» በኤፍ ይጀምራል፤ እንግሊዝኛው በፒ ኤች። ቃል መለወጥ በሚጠየቅበት ክፍል ስፔሊንግ የተሳሳተ መልስ ነጥብ የለውም። ስለዚህ ልጁ የፖላንድኛውን ቃል እያየ እንግሊዝኛውን በእጁ ይጻፍ። በስልክ አይደለም፤ ስልኩ ያርምለታል።

ከዚህ ቀጥሎ መልካቸው ተመሳስሎ ትርጉማቸው የሚለያይ ቃላት አሉ። መምህራን «ሐሰተኛ ወዳጆች» ይሏቸዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ዝርዝር አብዛኛው ለሳቅ ነው። ፖላንድኛው «ፕሬዜርቫቲቫ» ኮንዶም ነው፤ የእንግሊዝኛው ፕሪዘርቫቲቭ ምግብ እንዳይበላሽ የሚጨመር ነገር ነው። ይህን አንዴ የሰማ ልጅ መቼም አይረሳውም። የሚጎዱት የማያስቁት ናቸው። «አክቱአልኒዬ» በአሁኑ ጊዜ ማለት ነው፤ አክችዋሊ ግን እንደ እውነቱ ከሆነ። «ኤቬንቱአልኒዬ» ምናልባት ነው፤ ኢቨንችዋሊ ደግሞ በመጨረሻ። ልጁ በቃል ፈተናው «ኢቨንችዋሊ ውጭ አገር እማራለሁ» ሲል በልቡ ምናልባት ማለቱ ነው። ፈታኟ ግን የቆረጠ ሰው ነው የምትሰማው። «ሲምፓቲችኒ» ደስ የሚል ሰው ነው፤ ሲምፓቴቲክ የሌላው ችግር የሚሰማው። «ኮንሴክቬንትኒ» ለሚሉት እንግሊዝኛው ኮንሲክወንት ሳይሆን ኮንሲስተንት ነው። ለእያንዳንዱ ስለ ራሱ ሕይወት አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጽፉት። ዝርዝር ማስነበብ ዋጋ የለውም።

እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ፓስ ነው። «ዝዳቫች» ለፈተና መቀመጥ ነው፤ «ዝዳች» ማለፍ ነው። ግሱ አንድ፣ መልኩ ሁለት። ታዲያ ልጁ ከአዳራሹ እንደወጣ «አይ ፓስድ ዚ ኤግዛም ቱዴይ» ይለኛል። እሰይ! ውጤቱ ግን ገና ነው። ቴክ ወይም ሲት በሉት።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ እንምጣ። ንባቡና የቋንቋ አጠቃቀሙ አንድ ላይ የሚፈተኑበት ወረቀት 90 ደቂቃ፣ 8 ክፍል፣ 56 ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ለአንድ ባዶ ቦታ አራት የሚቀራረቡ ቃላት ይሰጣል። ልጁ አራቱንም ያውቃቸዋል፤ የትኛው ከጎኑ ካለው ቃል ጋር እንደሚሄድ ነው የማያውቀው። በፖላንድኛ ስህተት እንደ ወንጀል «ይፈጸማል»፣ ውሳኔም ሌላ ግስ አለው፣ ፎቶ ደግሞ «ይሠራል»። ስለዚህ ኮሚት ኤ ሚስቴክ፣ ሜክ ኤ ፎቶ ይሉላችኋል። አማርኛ ተናጋሪ ወላጅ እዚህ ላይ ትንሽ ዕድለኛ ነው። ስህተት እንሠራለን፣ ውሳኔ ላይ እንደርሳለን፣ ፎቶ እናነሳለን። ከሜክ፣ ከሪችና ከቴክ ብዙም አልራቅንም።

ደብተሩ ላይ ነጠላ ቃል አይጻፍ። ሪች ኤ ዲሲዥን ብሎ ከነጓደኛው ይጻፍ፤ ከሥሩ ልጁ ሊል ይችል የነበረው ስህተት ይሰረዝበት። የካምብሪጅ መዝገበ ቃላት በኢንተርኔት ነጻ ነው፤ ከብዙ ትርጉሞች አጠገብ እንደ ሲ 1 ያለውን የቋንቋ ደረጃ ያሳያል። ደረጃው የቃሉ ሳይሆን የትርጉሙ መሆኑን አስተውሉ። ድራውን ለሥዕል ጀማሪ ይማረዋል፤ ድራው ኤ ኮንክሉዥን (መደምደሚያ ላይ መድረስ) ግን ሌላ ታሪክ ነው።

እንደ ፑት አፕ ዊዝ ያሉ የተቀጣጠሉ ግሶች ተማሪን ያስመርራሉ። የፖላንድ ልጅ ግን በራሱ ቋንቋ ይህንኑ ሲሠራ ነው ያደገው። «ፒሳች» መጻፍ ነው። «ዛፒሳች» ሲል ራይት ዳውን፣ «ኦድፒሳች» ሲል ራይት ባክ ማለቱ ነው። እነሱ ከፊት ይቀጥላሉ፣ እንግሊዝኛ ከኋላ። ይህን ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ሁሉም እንዲህ አይገጥምም፤ ፍርሃቱን ለመስበር ግን ይበቃል። በአሉታ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እነሱ «ኒዬ»ን የትም ይለጥፋሉ፤ እንግሊዝኛ አን፣ ኢን፣ ኢም፣ ኢር፣ ዲስ እያለ ያምሳል። አቋራጭ የለም። ኢረስፖንሲብል፣ አንሪላያብል፣ ዲስሳቲስፋይድ እያሉ መሸምደድ ነው።

ለሽምደዳ የፖዝናን ልጆች ሰበብ የላቸውም። ሱፐርሜሞ የሚባለውን ቃላት በየጊዜው የሚያስታውስ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፒዮትር ቮዝኒያክ በ1987 (እ.ኤ.አ.) የሠራው እዚሁ ተማሪ ሳለ ነው። አንኪ የሚባለው የቃላት ካርድ መተግበሪያ የተነሳውም ከሱ ቀመር ነው። በቀመሩ መሠረት ዛሬ ያጠኑትን ነገ፣ ከዚያ ከ6 ቀን በኋላ፣ ከዚያ እየራቀ ይደግሙታል። መተግበሪያ የማይወድ የወረቀት ካርድ ይጠቀም።

ድርሰቱ ከ220 እስከ 260 ቃል ነው። እዚያ ላይ ለ«ብዙ» ፕሌቶራ የሚባል ቃል ካየሁ እሰርዘዋለሁ። ሰው ሁሉ ያንኑ ቃል ከአንድ ቪዲዮ የተማረ ይመስል ይደነቅረዋል። ሜኒ ይበቃል።

መጨረሻ ላይ የዚያን የ90 ደቂቃ ወረቀት አራተኛ ክፍል አሠሩት። የተሰጠውን ቃል ሳይለውጥ፣ ከ3 እስከ 6 በሆኑ ቃላት ዓረፍተ ነገሩን መልሶ ይጽፋል። 6 ጥያቄ ነው፤ እያንዳንዱ 2 ነጥብ አለው፣ ግማሽ ልክ ከሆነ 1 ያገኛል። ባዶ አይተው። ቃላቱን ሲቆጥር ደግሞ ዶንት እንደ ሁለት ቃል ነው፣ ካንት ግን እንደ አንድ።